አንድ ቱርቦ ለጌጫ አቀበት

ዛሬ ጠዋት ሚዛን ከተማ፣ ከጋራዤ ፊት ለፊት፣ አንድ የተጫነ መኪና አቀበቱን ሲይዝ ያ ቀጭን ፉጨት ተሰማኝ። ሞተሩ ሲያጓራ ከሥሩ የሚነሳ፣ እየከረረ የሚሄድ ድምፅ ነው፤ የቱርቦ ድምፅ። ሌላ ሰው ከቁብም አይቆጥረው። እኔ ግን መፍቻዬን አስቀምጬ መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር በር ላይ ቆምኩ። ደንበኛዬ «ምነው፣ ዘመድ አየሽ እንዴ?» አለኝ። ዘመድ ከማየት አያንስም ነበር።

ያኔ የምንኖረው ቴፒ ነው። እኔ የአውቶ መካኒክ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ ሳልይዝ፣ አፌ ግን ከማንም በላይ ሥራ ይዞ ቤት የተመለስኩበት ዓመት ነበር። አባቴ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው፤ ያውም የቤንዚን። የጭነት መኪና ሁሉ በናፍጣ በሚሄድበት አገር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ይዞ መገኘት ራሱን የቻለ መተረቻ ነው። በቡና ወቅት ከቆላው ገበሬዎች ቀይ እሸት እየሰበሰበ፣ በጌጫ አቀበት አናት ላይ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ያደርሳል። እሸት ቡና ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ በተለቀመበት ቀን ካልደረሰ ይሸታል፣ የሸተተ ቡና ከማጠቢያው በር ይመለሳል።

መኪናው ሜዳ ላይ እንከን አይወጣለትም ነበር። ችግሩ አቀበቱ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ያ ያረጀ ሞተርም ትንፋሽ ያጥረውና ጉልበቱ ይከዳዋል። በዚህ የተነሳ አንድ ልማድ ወጥቶ ነበር። የአቀበቱ ሥር ስንደርስ እሸቱን ሊያራግፉ ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት ቡና ለቃሚዎች ማንም ሳያዛቸው ይወርዳሉ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አጥብቀው ከኋላ ይገፋሉ። ወንዶቹ ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ተሸክመው ይከተላሉ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወደኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ይወትፋሉ። ናፍጣዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉብን ያልፋሉ፤ አባቴ መሪውን ጨብጦ፣ ማንንም ሳያይ፣ ጥርሱን ይነክሳል።

ገበሬዎቹ እያደር ወደ ናፍጣዎቹ ዞሩ። ማን ይፈርድባቸዋል? አንድ ቀን አባቴ ምሳ ላይ ጉርሱን አንጠልጥሎ ይዞ፣ መኪናውን ለቁራሌ ሸጦ አዲስ አበባ ወንድሙ ዘንድ ሊሄድ፣ እዚያ ጥበቃ ሆኖ ሊቀጠር እንደ ወሰነ ነገረን። እናቴ የማሻ ልጅ ናት፤ ከዚህ የደን አገር ወጥታ መኖር አታስበውም፣ እሱም አይጠይቃትም። ስለዚህ ከሄደ ብቻውን ነው የሚሄደው። እናቴ ተነሥታ ያልቆሸሸ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

«የትም አትሄድም» አልኩት። «መኪናው የጎደለው አየር ነው። አየር እንሰጠዋለን።»

«ከየት አምጥተሽ?»

ከቱርቦ ነዋ! ቱርቦ ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ፣ በሌላ ጎኑ አየር ሰብስቦ መልሶ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ሳቅ ሆነ። ቱርቦ የናፍጣ ነው ተባለ፤ የቤንዚን ሞተር ይፈነዳል ተባለ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል አንገቷን አስግጋ «ድንቄም!» አለችኝ።

ያልሳቀብኝ ገበያው አጠገብ ጋራዥ ያለው መካኒክ ብቻ ነበር። የሸኮ ልጅ ነው፤ መዝሙር እያንጎራጎረ ይሠራል፣ ብሎን ሲያስቸግረው መዝሙሩ ይፈጥናል። ጋራዡ ከኮረሪማ ነጋዴ ግቢ ጋር ይዋሰን ስለነበር ቦታው ሁልጊዜ ቤንዚንና እርጥብ ኮረሪማ ይሸት ነበር። እስካሁን ኮረሪማ ሲሸተኝ እጄን ቅባት የነካው ይመስለኛል።

ከመካኒኩ ጋር ግን በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። ሞተሩ ጭሱን በግራና በቀኝ በሁለት ቱቦ ስለሚያስወጣ፣ እሱ ለየጎኑ አንድ አንድ ቱርቦ እንግጠም አለ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ተረተብኝ። እኔም መች አነሰኝ! «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አልኩት። ቱርቦ እንዳይቃጠል ዘይት ይፈልጋል፤ የአባቴ መኪና የዘይት ፓምፕ ደግሞ ሞተሩን አጠጥቶ የሚተርፈው ለአንድ እንግዳ ብቻ ነው። ሁለት ብንጠራ ሁለቱም በጥማት ይሞታሉ። መካኒኩ ፓምፑን ፈትቶ የማርሾቹን ጥርስ በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ «እሺ እህቴ፣ ጌታ ይርዳን፣ አንድ ይሁን» አለ። አሸነፍኩ ብዬ የዚያን ቀን እየዘለልኩ ቤት ገባሁ።

ዕቅዱን በጠመኔ የሣልነው በጋራዡ የቆርቆሮ በር ላይ ነው። የቴፒ ዝናብ መጥቶ ያጥበዋል፤ ሲያባራ እንደገና እንሥላለን። ደግ ነገር ነበር፤ ሁለተኛ ስንሥለው ያልታወሰን ሁሉ መጀመሪያም አያስፈልግም ነበር።

ያስቸገረን የግራውንና የቀኙን ጭስ አንድ ላይ አድርጎ ወደ አንዱ ቱርቦ ማስገባት ነው። መካኒኩ ሁለቱን ቱቦ ፊት ለፊት ሊያጋጥማቸው ፈለገ፤ ለብየዳ ይቀላል። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቡና ማጠቢያ እየሠራሁ ነው ያደግኩት። እዚያ ቡናው በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ በውሃ እየተገፋ ነው የሚሄደው። ሁለት ቦዮች ፊት ለፊት ከተጋጠሙ ውሃው ይጣላል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ቡናውን ሜዳ ላይ ይደፋዋል። አንዱ ወደ ሌላው ሸርተት ብሎ ከገባ ግን ተያይዘው ይሄዳሉ። መካኒኩን ይዤው ሄድኩና ቦዩ ዳር አቆምኩት። ቅጠል እየጣለ ብዙ ተመለከተ፤ ሲመለስ ቱቦዎቹን ራሱ አስተካክሎ ሣላቸው።

የቀረው የቤንዚን ጠባይ ነው። ቤንዚን የአየር ግፊት ሲበዛበት ያለጊዜው ይፈነዳል፣ እያንኳኳ ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ የተረፈው ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ የሚያመልጥበት ትንሽ በር አበጀን፤ ከሞተሩ ራስ ሥርም እመቃው እንዲቀንስ ወፍራም የመዳብ ማሸጊያ፣ ጋስኬት የሚሉትን፣ አስገባን። መካኒኩ «ትንሽ ግፊት እንጨምር» ባለ ቁጥር እኔ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እለዋለሁ። ቱርቦውን ከየት ያገኘነው ይመስላችኋል? መኪናውን ለመግዛት ካሰፈሰፈው ቁራሌ ጓሮ! ምን ሊሠሩበት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀንም።

ለአባቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ለመጨረሻ ጊዜ» ብለው ጫኑለት። ይህ ጭነት ካልደረሰ ሌላ የሚጭንለት እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቴ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ፣ መካኒኩ ከለቃሚዎቹ ጋር ከላይ ተቀመጥን። የአቀበቱ ሥር ስንደርስ አባቴ እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ለቃሚዎቹም እንደ ልማዳቸው ዱብ ዱብ አሉ። አይገርማችሁም? ቱርቦውን በገዛ እጁ የገጠመው መካኒክ እንኳ አብሮ ወርዶ ድንጋይ አነሣ!

አባቴ በአንደኛ ማርሽ ጀመረ። እኔ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው፤ ማንኳኳት ከተሰማኝ አለቀልን። ማንኳኳት የለም። ከዚያ ከእግራችን ሥር ያ ፉጨት ተነሣ።

«ሁለተኛ አስገባ» አልኩት።

«አብደሻል?»

«አስገባ አባዬ!»

አስገባ። መኪናው ወደፊት ተስፈነጠረ። በመስታወቱ ሳይ ሴቶቹ ሊገፉ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀርተዋል፤ የሚገፉት ነገር ጥሏቸው ሄዷል። ወንዶቹ ድንጋያቸውን ታቅፈው ይሮጣሉ። «ጋሼ! ኧረ ጋሼ ጠብቁን!» ይላሉ፤ መካኒኩ ድንጋዩን ጥሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይጮኻል። ሳቃቸው እስከ ላይ ድረስ ተከተለን። መታጠፊያው ላይ አንድ ናፍጣ እያቃሰተ ሲወጣ ደረስንበት። አባቴ ጡሩምባውን ነፋ። በዚያ አቀበት ላይ ሲነፋ የሰማሁት ያኔ ገና የመጀመሪያዬ ነው፤ ነፍቶም አልበቃው፣ ናፍጣውን ካለፍን በኋላም ባዶ መንገድ ላይ ይነፋ ነበር። እኔ በመስኮት ወጥቼ እልል አልኩ። አባቴ አሁን በሕይወት የለም፤ ሳስታውሰው ግን ከሌላው ሁሉ በፊት የሚመጣልኝ ያ ፊቱ ነው።

ማጠቢያው በር ላይ ስንቆም ፀሐይ ገና ነበረች። ቡናው ትኩስ ነው፤ የሚያወርዱት ሰዎች ግን ታች ቀርተዋል። ስለዚህ ቁጭ ብለን መጠበቅ ነበረብን። አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«በይ ለእናትሽ ደውዪና አይሄድም በያት» አለኝ።

«ራስህ ንገራት» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት።

ወርዶ ጀርባውን ሰጠኝ። «እኔ ነኝ» አላት። «አዎ፣ ወጣን።» ጉሮሮውን ጠረገ፣ በእግሩ ጠጠር ገፋ፣ ደግሞ ጠረገ። በመጨረሻ «ለእራት ምን አለ?» አላት።

እናቴ ስታለቅስ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። «ጎደሬ» አለችው።

አባቴ ጎደሬ አይወድም ነበር። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና «እሰይ፣ ብዙ አድርጊው» አላት።