ማርሚታዬን ፋሻ ያስጠመጠምኩ ለታ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት መሀል ላይ የሠራሁትን ነገር ለማንም ላልናገር ምዬ ነበር... ግን ያየኝ ሹፌር እስካሁን ወሬውን ለኮምቦልቻ ሳያዳርሰው አይቀርም። ስለዚህ ራሴው ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአባባ ይማም እግር ነው። አባባ ይማም ላገባት የምፈልጋት የዘሀራ አባት ናቸው። ከወር በፊት ሐርቡ ለቅሶ ላደርሳቸው በሞተሬ ይዣቸው ሄጄ፣ ሲወርዱ ባታቸው የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው ላይ አረፈና ተጠበሰ። ሞተር የሚሳፈር ሁሉ ይህን ጠባሳ ያውቀዋል።

ልጃቸውን እንዲድሩልኝ ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ ቃጠሎውን የረሱት መስሎኝ ነበር። ሰዎቼን በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ ልጁ መጀመሪያ አንድ ቀን ደሴ ወስዶ ይመልሰኝ፣ በሰላም ከገባሁ እንነጋገራለን አሏቸው። ጥምጣም የጠመጠሙ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይዘውልኝ የመጡት መልስ ይሄ ነው... የመንጃ ፈቃድ ፈተና።

ጓደኛዬ እንድሪስ ጋ ሄድኩ። እንድሪስ መካኒክ ነው ይባላል። እኔ የማውቀው ግን ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የፈረንጅ የሞተር ጥገና ቪዲዮ ሲያይ ነው። ቋንቋው ስለማይገባው ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል።

ችግሬን ስነግረው «አብሽር» አለና ከመሳቢያው አንድ ጥቅልል አወጣ። ሙቀት የሚከላከል ቴፕ ነው። እንደ ፋሻ ሰፋ ያለ፣ ከሞተሩ በሚወጣው የማርሚታ ቱቦ ላይ የሚጠመጠም፣ እግር ቢነካው እንኳ እንዳይጠብስ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ከመጠምጠሙ በፊት ግን መነከር አለበት ብሎ፣ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የያዘ ባልዲ ውስጥ ዘፈቀው።

«ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የነከረው ውሃ ውስጥ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ውሃ ቢሆንማ ማን ቪዲዮ ይሠራበታል?» አለኝ፣ በሙሉ ልብ።

ሳቅኩበት። በሰው መሳቅ ላይ እኔን የሚያህል የለም። ተው ማለት ግን አልታየኝም። ዘይት የጠገበውን ቴፕ ከላይ እስከ ታች ጠምጥሞ በሽቦ ጠፍንጎ አሰረው። ሞተሬ ከወጌሻ ቤት የወጣ መሰለ።

ቅዳሜ አባባ ይማም ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያሉ እህታቸውን ልንጠይቅ ነው። ቱቦውን አየት አደረጉና ታሟል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። የቴፑን ጥቅም አስረዳኋቸው፣ ያውም እኔ የፈለሰፍኩት ይመስል እየተኩራራሁ። ከኋላዬ ተቀመጡ።

ከኮምቦልቻ ገና ሳንወጣ መጨስ ጀመረ። እንድሪስ መጀመሪያ ትንሽ ይጨሳል ብሎኝ ስለነበር መንዳቴን ቀጠልኩ። ሐረጎ ላይ ግን ሞተሩ ሁለት ሰው ተሸክሞ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ቱቦው ጋለና የጠጣውን ዘይት መትፋት ያዘ። ጭሱ ከጉልበቴ አልፎ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አባባ ይማም ከኋላ ሆነው ይሄ ነገር ደግ ነው ወይ ሲሉ ሰማኋቸው። አብሽሩ አልኳቸው።

ከላይ እየወረደ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እሳት! እሳት ይዞሀል!» ብሎ ጮኸ። ዝቅ ብዬ ሳይ እውነትም ነበልባል ቴፑን ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ያደረግኩትን አስቤ አይደለም። ፍሬን ያዝኩ... ዘልዬ ወረድኩ... ሮጥኩ። ዞሬ ያየሁት መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

አባባ ይማም ሞተሩ ላይ ናቸው። መቆሚያውን እንኳ አላወረድኩላቸውም። ከኋላ ተንጠራርተው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዳገቱን በሁለት እግራቸው ቆንጥጠው ሞተሩ እንዳይወድቅ ይታገላሉ። ቢለቁት እላያቸው ላይ ነው። ከወገባቸው በታች በጭሱ አይታዩም። አልጮሁም፣ አልጠሩኝም። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው።

እኔ ከቦዩ እስክወጣ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ደርሶ ነበር። ሞተሩን ደግፎ አወረዳቸውና እሳቱን አፈር እየበተነ አጠፋው። እኔ እያለከለክሁ መጣሁና ምን ባደርግ ጥሩ ነው... ጎንበስ ብዬ እግራቸውን አየሁ። አንድም የተቃጠለ ነገር የለም። ደስታዬን አልችለውም፣ ወላሂ። አልተቃጠሉም እኮ አባባ፣ አልኳቸው እየሳቅኩ።

ጀለቢያቸውን አራገፉ። ከዘራቸውን ከመሬት አነሱ።

«አልሀምዱሊላህ፣ እግሬ ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን እግሬን ልፈትሽ አልመጣሁም። ነገ ዘሀራን ከኋላህ አስቀምጠህ ክፉ ቀን ቢመጣ... ቀድመህ የምትወርደው አንተ ነህ።»

ያዘጋጀሁት ወሬ ሁሉ ስለ ቴፑ ነበር። ሹፌሩ የመኪናውን በር ከፈተላቸው። እኔን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወደ ኮምቦልቻ ይዟቸው ወረደ።

ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ደወለ። ስለ እሳቱ ልጀምርለት ስል አቋረጠኝና የሽማግሌው እግር ተቃጠለ ወይስ አልተቃጠለም አለኝ። አልተቃጠለም አልኩት።

«አየህ፣ ይሠራል» አለ።

አፌ የቻለውን ያህል ልሰድበው ተነሳሁ... ተውኩት። እሱ የተሳሳተው በዘይትና በውሃ ነው። ቦይ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ።