በዳኛዋ እጅ የተቀየረው መልስ

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ «ዳኛዋ» ይላታል። በስድስት ዓመቷ የልጆቹን ኳስ አስቁማ «ገብቷል፣ አልገባም» የምትለው እሷ ነበረች፤ አድጋም ሥራዋ ያው ሆነ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የስፌት መኪናዬ በመስኮቱ በኩል፣ የእሷ ኮምፒውተር በግድግዳው በኩል።

ሥራዋን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቺፕ የሚሉት፣ የኮምፒውተርና የስልክ አንጎል የሆነው ትንሽ ቁራጭ፣ ፋብሪካ ገብቶ አንዴ ከተሠራ እንደ ኮት አይተረተርም። ስለዚህ ከመሠራቱ በፊት ንድፉን ተቀብሎ ያንን ቺፕ መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ ሲሙሌተር ይሉታል። የእሷ ሲሙሌተር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ በይፋ ገጽ ተቀምጧል፣ ማንም ያየዋል፣ ማንም ያርመዋል። እሷ ፈታኟ ናት። ለእያንዳንዱ ፈተና ትክክለኛው መልስ በፋይል ተቀምጧል፤ ሲሙሌተሩ ያንን መልስ ካልሰጠ ወደቀ ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የፊደል ገበታዋ ድምፅ ቆመ። ዞር ስል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ፣ መልሱን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ኮዱን ስታሻሽል አንድ ፈተና ይወድቅባታል። ሁለት ትእዛዞች አንድ ቦታ ላይ ለመጻፍ ሲሽቀዳደሙ የትኛው ይቀድማል የሚል ፈተና ነው። ቸኩላ ነበር። የተሳሳተው አሮጌው መልስ ነው ብላ ፋይሉን ከአዲሱ ውጤት ጋር አስማማችው፤ ፈተናውም አለፈ። ዛሬ የድሮ ፈተናዎችን ስታጸዳ ቺፑ እንዴት መሥራት እንዳለበት የሚናገረውን መመሪያ ገልጣ አነበበች። ለካ ትክክሉ የድሮው ነው።

«ኮቱ ሲጠብ ደብተሩ ላይ ያለውን ልክ እንደ መቀነስ ነዋ» አልኳት። ይህን እንዳልኩ የራሴ ደብተር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛዬን፣ የሰፈራችንን ሹፌር ኮት ደረቱን መቶ አራት ሳንቲ ሜትር ጽፌ መቶ ሁለት ቆርጬ፣ ሲጠብባቸው ደብተሩን መቶ ሁለት ብዬ አስተካክዬ «ወፍረዋል» ብያቸው ነበር። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

የእሷ ጣጣ ከኮት ይከብዳል። አንድ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር መስማት ለተቸገሩ ልጆች ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ እየሠሩ ነው፤ ቺፑን የፈተኑት በእሷ ሲሙሌተር ነው። ንድፉ ወደ ፋብሪካ የሚላከው ያን ዕለት አስር ሰዓት ላይ ነበር። ፋብሪካው ለእንዲህ ዓይነት ትናንሽ ቡድኖች የሚሠራው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተላከ የማይሠራ ቺፕ ይመለስላቸዋል።

ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ኢሜይል ላከች፤ መልስ የለም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። የቀራት ቡድኑ በሥራ ሰዓት ዓይኑን የማይነቅልበት ይፋው ገጽ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃታል። አምና «ምስጥ» በሚል ቅጽል ስም የሚጽፍ ሰው «ይህ መልስ ትክክል አይመስለኝም» ብሎ ጠይቆ ነበር። እሷ «መመሪያውን ሳታነብ አትምጣ» ብላ ጥያቄውን ዘጋችበት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ይህ ቀን በዋለበት ሳምንት ደግሞ የሲሙሌተሩ ፕሮጀክት ኃላፊ ይመረጣል፤ የታጨችው እሷ ነበረች።

«ስምሽን ሳታነሺ ስህተት ተገኘ ብለሽ ብትጽፊስ?»

«መምህሩ የምስጥንም ጥያቄ የኔንም መልስ አይተዋል። ያንን ካላፈረስኩ አያምኑኝም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው» አልኳት። ወንድም ነኝ፤ ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«የኔ ሆድማ ይችለዋል፣ ጋሼ። የማይሰሙት ልጆቹ ናቸው።»

ዘጠኝ ከሩብ ላይ የተዘጋውን ጥያቄ ከፈተችና ጻፈች፦ «ምስጥ፣ ልክ ነበርክ። መልሱን ቀይሬ ፈተናውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። መምህር፣ እባክዎ ንድፉን አይላኩት።» ከመላኳ በፊት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ከዚያ ጠበቅን። እኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ። አስር ሰዓት ሞላ፤ ምንም የለም። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። አስር ከአምስት ላይ የመምህሩ መልስ ብቅ አለ።

«አቁመናል። የሚቀጥለው ተራ የዛሬ ዓመት ነው።»

ምስጋናም ቁጣም የለበትም። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አንድ ዓመት የሚጠብቁትን ልጆች እያሰብኩ እኔም አለቀስኩ።

ቀና ስትል ከዕጩዎቹ ዝርዝር ውስጥ የራሷን ስም አወጣችና በምትኩ ምስጥን ጻፈች። «መመሪያ የሚያነብ ሰው ይሻላቸዋል» አለች። አልሳቀችም።

እኔም ደብተሬን ገለጥኩ። መቶ ሁለትን ሰርዤ መቶ አራት ጻፍኩና ስልኬን አነሳሁ።

«ጋሽ ሹፌር፣ ኮትዎን ይዘው ይምጡ። አልወፈሩም።»