የብሎኑ ቀይ ቀለም

ባለቤቴ ሀሰን ሰው ማመን አያውቅበትም። አሰብ ውስጥ የሳተላይት ዲሽ የሚተክለው እሱ ነው፤ ጣሪያ ሲወጣ መሰላሉን የሚይዝለትን ሰው ሳይቀር ሁለቴ ዞር ብሎ ያየዋል።

በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ በወር አንድ ማለዳ ሥዕሉ ድርግም ይልበት ጀመር። ከሰዓት በራሱ ይመለሳል። ደንበኞች "የጥገና ገንዘብ ፈልገህ ነው የምታጠፋው" እያሉ ደጃችንን አጣበቡት። ሀሰን ደግሞ ወንድሜን ኸባብን ጠረጠረ። ኸባብ ዲሽ መትከል ከእሱ ተምሮ፣ ኋላ ግን በይሉል በምትባል የባሕር ዳር መንደር ዓሣ ንግድ ውስጥ የገባ ነው። በወር አንዴ ዓሣ ይዞልኝ ይመጣል። ሦስት ጊዜ፣ እሱ ቤታችን ባደረ ማግስት ሥዕሉ ጠፋ።

አንድ ሰው ያን ሁሉ ጣሪያ በአንድ አዳር እንዴት ያዳርሳል? ጠርጣሪ ይህን አይጠይቅም። ሀሰን በየዲሹ ብሎን ላይ ቀይ ቀለም ቀባ፤ ብሎኑ ከተነካ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

በአራተኛው ወር ኸባብ መጣ፤ ሲነጋ ሥዕሉ ጠፋ። ሀሰን ጣሪያ እንኳ ሳይወጣ ቁርስ ላይ "አንተ ነህ" አለው።

ኸባብ ወደ እኔ ዞሮ "ሪሁ፣ አንቺም እንደሱ ታስቢያለሽ?" አለኝ።

ግጥምጥሞሹ እኔንም ከንክኖኝ ነበርና መልሱን ትቼ ሻይ መቅዳት ያዝኩ። ኸባብ ተነስቶ ሄደ።

ሀሰን ሁሉንም ጣሪያ ወጥቶ አየ። አንድም ቀለም አልተሰነጠቀም። ጎረቤታችን የፊዚክስ መምህሩ ጋሽ ብዙነህ ሰምተው መጡ።

"ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ የምድር ማግኔት በሌሊቱ ወገን እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ይለቀቃል። ያኔ ወደ ምድር የሚወረወሩት ኤሌክትሮኖች በምሥራቅ በኩል ወደ ንጋቱ ወገን ይዞራሉ። መንገዳቸው ላይ ያለ ሳተላይት ኤሌክትሪክ ይጠራቀምበትና ይናወጣል። ፀሐይ ደግሞ በየሃያ ሰባት ቀኑ ነፋሱ የሚበረታበትን ያንኑ ፊቷን ታዞርልናለች" አሉት።

"ጋሼ፣ እርስዎንም ኸባብ ነው የላከዎት?" አላቸው፤ አፈርኩ።

እሳቸው ስቀው ካላንደሩ ላይ ሃያ ሰባት ቀን ቆጠሩና የደረሱበትን ቀን ከበቡ። ያ ቀን ደረሰ፤ ኸባብ በይሉል እንዳለ ሥዕሉ ጠፋ።

ሀሰን በማግስቱ ለይቅርታ ወደ በይሉል ወረደ። ኸባብ ሻይ አቅርቦለት "አንተ ሰውን ሁሉ ትጠረጥራለህ፣ አልተቀየምኩህም። እሷ ግን ታውቀኛለች" አለው።

ዓሣው አሁንም በየወሩ ይደርሰኛል። የሚያመጣልኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።