ለብርቄ የነገርኳት ቃል

ያን ዕለት ጠዋት ደጃችን ያለው ሣር ነጭ አመዳይ ለብሶ ነበር። ደብረ ታቦር በኅዳር እንዲህ ናት፤ ፀሐይ ወጥታም ብርዱ ቶሎ አይለቅም። ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ባጃጁን አስነስቶ ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ታናሽ እህታችን ብርቄ ቦርሳዋን እንዳዘለች የግቢው በር ላይ ተገትራለች። ቃሏን ሳትቀበል አታሳልፈውም።

"ቃሌን!"

"የትናንቱን ጨረስሽው?"

"ካፊያ ብለኸኝ ዝናብ መቼ መጣ? በምን ልጨርሰው?"

ሙሉቀን ሳቀ። አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ እንዲህ ነበሩ። ባጃጁ ላይ ገበያተኛውም፣ ቄሱም፣ ወፍጮ ቤት የምትሄደውም ይሳፈራል። እሱ እየነዳ ያዳምጣል፤ ብርቄ የማታውቀውን አንድ ቃል ይይዝና ጠዋት ይሰጣታል። እሷም ቀኑን ሙሉ ያገኘችው ሰው ላይ ትሞክረዋለች። ሙሉቀን ፍቺውን በግምት መናገር ግን አይወድም ነበር። "ተሳስቼ ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች" ይላል። አንድ ጊዜ ፍቺ ለመጠየቅ ብሎ አንድ ቄስ ወዳወረደበት ተመልሶ ነድቷል። እናቴ "ነዳጁን በቃል ጨረስከው!" ብላ ተቆጣችው።

"የዛሬው ቆፈን ነው" አላት። "ትናንት ከጉና የመጡ አንድ አባት የባጃጁን መጋረጃ መክፈት አቃታቸው። 'ቆፈን ይዞኝ ነው ልጄ፣ አንተው ክፈትልኝ' አሉኝ። ጣት በብርድ ደንዝዞ አልታዘዝ ሲል፣ ያ ቆፈን ነው።"

ብርቄ ወዲያው ሁለት እጆቿን ዘረጋች። "እኔንም ይዞኛል። ዛሬ መጻፍ አልችልም።"

"መብላትስ?"

"መብላትማ እናንተ ታጎርሱኛላችሁ።"

እጆቿን ይዞ እፍ እፍ አለላት። "ማታ ምን እንዳደረግሽበት ትነግሪኛለሽ" አለና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ደወለ። ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባጃጁ ተገልብጧል። ሙሉቀን ሐኪም ቤት ሳይደርስ አርፏል። ከዚያ "ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል። ጠዋት ሽማግሌ ይዘን እንመጣለን" አለኝ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ በጠዋት፣ ብዙ ሰው ሆኖ ነው የሚነገረው። ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ነው። እኔ ግን ብቻዬን ሰምቼ ብቻዬን ያዝኩት። ለእናቴ "ኮንትራት አግኝቶ አንበሳሜ ሄዷል፣ እዚያው ያድራል" አልኳት። አመነችኝ። ብርቄ ግን ቅር አላት። መምህሯን ቆፈን ይዞኛል ብላቸው፣ ስቀው እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ክተቺ እንዳሏት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ብጠይቃት "ሌላውን ለሙሌ ነው የምነግረው" አለችኝ። ራቷን በሩን እያየች በላች።

ሊነጋጋ ሲል ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ መጥተው፣ ብርቄን እንደተኛች በጋቢ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ከእሳቸው ኋላ ሽማግሌዎቹ ገቡ። የእናቴን ጩኸት መጻፍ አልችልም።

ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ብርቄን ላያት ሄድኩ። እማማ ዘውዴ በራቸው ላይ ያዙኝ። "ሕፃን ናት። አዲስ አበባ ሄደ በላት። እየቆየች ትረሳዋለች።"

"እሺ" አልኳቸው። ልላትም ነበር።

ብርቄ መደቡ ላይ፣ በጋቢው ውስጥ፣ ያልቀመሰችውን ዳቦ በእጇ እንደያዘች ተቀምጣለች። የለቅሶው ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማል።

"እማማ ዘውዴ ለሰው ሲያወሩ ሰማሁ" አለችኝ። "መርዶ ምንድን ነው?"

ጋቢዋን ማስተካከል ጀመርኩ።

"አታውቀውም? እንግዲያው ሙሌ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።"

"አውቀዋለሁ" አልኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። "መርዶ ማለት... ሰው ሲሞት፣ ለሚወዱት ሰዎች መጥተው የሚነግሩት ነው። በጠዋት።"

"ለእማዬ ነገሯት?"

"አዎ።"

"ላንተስ?"

"ትናንት።"

ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀመጠች። "ለእኔስ?"

"ለአንቺ እኔ ነኝ የምነግርሽ" አልኳት።

ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። በጋቢው እንደተጠቀለለች አቅፌ አነሳኋት። እማማ ዘውዴ ከኋላዬ "ምን አደረግህ፣ አንተ ልጅ!" አሉ። አልቆምኩም። መንገዱን ተሻግሬ፣ በሽማግሌዎቹ መሃል አልፌ፣ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። እናቴ ነጠላዋን ገልጣ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። እኔም አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩና፣ ከትናንት ጀምሮ የያዝኩትን አለቀስኩ።