ጆንያው ላይ የተሳለው ውሃ

መምህር አሥራተ ማርያም ፃግብጂ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ማንበብ አስተምረዋል። እኔ እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ። ሃያውንም ዓመት የተጠቀሙት በአንድ የፊደል ገበታ ነው፤ ራሳቸው በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በቀለም የሳሉት። ከየፊደሉ ጎን አንድ ሥዕል አለ፦ ከ«በ» ጎን በግ፣ ከ«ው» ጎን ከምንጭ የሚወርድ ውሃ። ሲኮሩበት ለጉድ ነው። እኔ አፌ አያርፍምና «ጋሼ፣ ይኼ ጆንያ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?» እያልኩ አበሽቃቸው ነበር።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ቁጡ ናቸው፤ ያልገባውን ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩትና «ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው» ብለው ይተዉታል።

እታለምን እንደዚያ ትተዋት ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ስትደግም ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ «አንብቢ» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። ታላቅ እህቷ ውባንቺም እዚያው ክፍል ተቀምጣ፣ እዚያው ክፍል አቋርጣ ወጥታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከደላላ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች ድምፅዋ ጠፋ።

ከገና በፊት አባታቸው አቶ ቅጣው መጡ። ፊደል የማያውቁ ገበሬ ናቸው።

«መምህር፣ እርስዎን ልወቅስ አልመጣሁም» አሉ። «ታላቋም አልሆነላትም። ይቺም እስከ ፋሲካ ካላነበበች ሰቆጣ ሰው ቤት አስገባታለሁ። እንጀራዋን ትፈልግ።»

አንጀቴ አልቻለም። ስልኬ ላይ ሥዕልና ድምፅ ያላቸው የልጆች ተረቶች ነበሩኝ፤ ከዚያ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ገበታውን ፎቶ አንስቼ፣ ድምፅ መቅጃውን አሳይቼ፣ እታለምን ብቻዋን ከክፍሉ ጀርባ ላክኋት። ሥዕሉን እያየች ፊደሉን እንድትል።

ከመምህር አሥራተ ማርያም ጋር ቁጭ ብለን ሰማነው። የእታለምን ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጥርት ያለ ነው። «ው» ላይ ስትደርስ «አ… አቝ» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ው›ን ‹አ› ስትል ኖረች!»

እሳቸው አልሳቁም። መልሼ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ደግሞ መልሼ።

«አቝ በኽምጣኛ ውሃ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «‹ሥዕሉን አይተሽ የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ አውጪ› አልኳት። አወጣች። ልጅቱ ምን አጠፋች? እኔስ እናቴ ቤት ስገባ የምጠይቀው አቝ አይደለም እንዴ?»

ኽምጣኛ፣ የአካባቢው አገውኛ፣ የእሳቸውም የልጆቹም የአፍ መፍቻ ነው፤ እኔ ነኝ የማላውቀው። ሃያ ዓመት ሲስሉ፣ ሲያሳዩ፣ ሲቆጡ፣ ይኼ አንድም ቀን አልታያቸውም። በዚያ ጆንያ ፊት አንገታቸውን የደፉትን ልጆች ቆጥረው እንደሆነ አላውቅም። ገበታውን ጠቅልለው ጥግ አቆሙት።

በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። እታለም ራሷ ሥዕሉን ትስላለች፤ ስሙን መጀመሪያ በኽምጣኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ስልኩ ላይ ትቀዳለች፤ የአማርኛው ስም የሚጀምርበት ፊደል ከሥዕሉ ሥር ይጻፋል። ከዚያ የራሷን ድምፅ እየሰማች በጣቷ ትከተላለች። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አጭር ተረት ታነብ ጀመር። መምህሩም ባጠገቧ ባለፉ ቁጥር ራሷን ዳበስ ያደርጉ ነበር።

የሆሳዕና ሰሞን አቶ ቅጣው ሊሰሙ መጡ። አንድ ገጽ አነበበችላቸው። አላመኑም።

«ሥዕሉን አይታ እንዳይሆን» አሉና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። «ሥዕል የሌለው ይኸው። የውባንቺ ነው፤ ማኅተም አለበት ብዬ ሣጥን ውስጥ ያኖርኩት። እስቲ ይኼን።»

የውባንቺ የውጤት ካርድ ነበር። መምህር አሥራተ ማርያም እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን እታለም ቀድማ ተቀበለች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አደረገች።

«የመምህሩ… አስተያየት። ጭንቅላቷ… አይቀበልም። ለትምህርት… አትሆንም።»

አንድም ፊደል አልሳተችም። ደስ ብሏት ቀና አለች፤ «ጎበዝ» እንድንላት። ማናችንም ሳንላት ስንቀር ነው ያነበበችው የገባት።

«ቲቸር፣ ማነው የጻፈው?»

ከታች ስም ነበረ። ጣቷ ወደዚያ ወረደ። «አ…» አለችና ቆመች።

«ጨርሽው» አሏት መምህር አሥራተ ማርያም።

ጨረሰችው።

አቶ ቅጣው ወረቀቱን ከእጇ ወስደው በላስቲኩ ጠቀለሉት። ወደ መምህሩ አላዩም።

«አንብባለች» አሉ። «ትቆይ።»