በጥርስ የተመረጡ ኢንጄክተሮች

ጋራዡ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም ጋሽ ጆሮ ይሉታል። መኪና ገና ከበር ሳይገባ ሕመሙን በድምፁ ስለሚለይ የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለው ጆሮ ግን አምና መድከም ጀመረ። አሁን ግራው ድፍን ብሏል፤ ቀኙም ሥሩ ሆነው ካልጮኹበት አይሰማም። ይህን ለማንም አልተናገረም።

እሱ ባይናገርም ሰው አውቆበታል። መጀመሪያ የነቃበት የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነው። አንድ ጠዋት ፊት ለፊቱ ቆመና ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

ጋሽ ጆሮ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "ልክ ነህ፣ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው" አለ።

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ያልገባው እንዳይመስል እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሰላምታው ይኸው ሆነ፤ እነሱ ከንፈር ያንቀሳቅሳሉ፣ እሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል።

የጋራዡ ባለቤት የእህቱ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞትበት ያሳደገው፣ መፍቻ አያያዝ ያስተማረው ጋሽ ጆሮ ነው። ልጁ አሁን ሞተር የሚፈታበትን ትልቁን ጠረጴዛ ለሌላ መካኒክ መስጠት ይፈልጋል። አጎቱን ግን በባዶ ሜዳ "ተነሥ" ሊለው አይችልም፤ እናቱ አለች። እሷ በወንድሟ ከመጡባት ልጇንም ቢሆን አትምርም። ስለዚህ ምክንያት ሲጠብቅ ከረመ።

ምክንያቱ በገመድ ተጎትታ መጣች፤ ሞተሯ ያለቀላት ነጭ ሚኒባስ። የሚገባላት ሌላ ሞተር ተገኝቷል፤ ኢንጄክተሮቹ ግን ተነቅለውበታል። ነዳጁን አድቅቀው ወደ ሞተሩ የሚረጩት እነዚህ አውራ ጣት የሚያካክሉ ዕቃዎች ጋራዡ ውስጥ ስምንት ነበሩ፣ በቆርቆሮ ሣጥን። ስምንቱም ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ይላሉ፤ የሽቦ መሰኪያቸውም አንድ ነው። ከሚኒባሷ ኮምፒዩተር ጋር የሚስማሙት ግን አራቱ ብቻ ናቸው።

"አጎቴ፣ አራቱን አንተ ምረጥ" አለ ባለቤቱ፣ ቀኝ ጆሮው ሥር ሆኖ እየጮኸ። "ቅዳሜ እናቴም ትመጣለች። መኪናዋ ከሠራች ጠረጴዛው ዕድሜ ልክህን ያንተ ነው።"

"ካልሠራች?"

"አንተው ፍረድ።"

"ካልሠራች በራሴ እነሣለሁ" አለ ጋሽ ጆሮ። ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ የሚያውቀው ቦታ አልነበረውም።

ሌላው መካኒክ ቢሆን የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር አውጥቶ በደቂቃ ይለካቸው ነበር። ጋሽ ጆሮ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ቴስተር ጆሮ ለሌለው ነው" ሲል ኖሯል። አሁን በየትኛው አፉ አውሱኝ ይበል? የእሱ ዘዴ ሌላ ነው፦ ከባትሪ ሁለት ሽቦ አምጥቶ ኢንጄክተሩን ይነካዋል፤ ኢንጄክተሩ "ጠቅ" ይላል፤ እሱ ከጠቅታው ዘሩን ይለያል።

ዓርብ፣ ሰው ምሳ ሲወጣ ብቻውን ቀረ። የመጀመሪያውን ነካው። ዝም። ሁለተኛውንም ነካው። ዝም። ከዚያ አንዱን አነሣና በጥርሱ ነክሶ ሽቦውን አስነካው። ጠቅታው በመንጋጋው ዐልፎ እስከ አናቱ ደረሰ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ጥርት ብሎ ያናገረው ነገር አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ስምንቱንም እየነከሰ ሞከረ። አራቱ እንደ ጤነኛ ልብ ይመታሉ፣ አራቱ ሹክ ከማለት አያልፉም። ብርቱዎቹን ለይቶ በጨርቅ ጠቀለለ። ደካሞቹን፣ "እናንተስ እንደኔ አርጅታችኋል" ብሎ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው።

ቅዳሜ እህቱ መጥታ ወንበር ተሰጣት። ሞተሩ ባንድ ቁልፍ ተነሣ።

"ድሮስ! የኔ ወንድም እኮ ነው!" አለች።

ጋሽ ጆሮ መዳፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። ሊያጠፋው ሲል ባለቤቱ እጁን ያዘው። "ይሥራ፣ ይሙቅ እንጂ።"

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሞተሩ ተንገዳገደ፣ አነቀው፣ ጠፋ። ከኮምፒዩተሩ ሣጥን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ባለቤቱ ቴስተሩን ከኪሱ አወጣ። አንዱን ኢንጄክተር ለካና ቁጥሩን ለእናቱ አሳያት። "ሁለት። አሥራ አራት መሆን ነበረበት። ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፤ ጠቅታቸው የሚበረታው ለዚያ ነው። ይኼው፣ ኮምፒዩተሩን በሉት።"

"አንተስ መቼ ዐወቅህ?"

"ሐሙስ ለክቻቸዋለሁ።"

"ዐውቀህ ዝም አልክ?"

"ጆሮ እያለ እኔ ምን አገባኝ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እህቱ ለጠብ ተነሣች፤ መጀመሪያ ግን ሞተሩ ላይ ወደ ጎነበሰው ወንድሟ ዞረች። "ወንድም ዓለም!" ብላ ከኋላው ተጣራች። ቀና አላለም። ደግማ ተጣራች።

"አይድከሙ እማማ" አለ ቀለም ቀቢው። "ከደነቆሩ ዓመት አልፏቸዋል።"

ሴትዮዋ ቁጭ አለች። ለልጇም፣ "እንግዲህ እንዳልክ አድርግ" አለችው።

ጋሽ ጆሮ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። "ተዪው እህቴ" አላት፣ "አትለምኚልኝ።"

ባለቤቱ አላባረረውም። "አጎቴ ነው፣ በር ይጠብቅ" አለ። የበር ጠባቂው ሥራ ክላክስ ሲሰማ መክፈት ነው። ለሚኒባሷ ምትክ ኮምፒዩተር አስቀድሞ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ ተገጠመላት፣ ደካሞቹ አራት ኢንጄክተሮች ገቡላት፣ ሞተሯ እንደ ቅቤ ለስልሶላት ወጣች። በሩን የከፈተላት ጋሽ ጆሮ ነው።

ያን ቀን ከውጭ የመጡ ሾፌሮች ክላክስ ነፍተው ነፍተው ወርደው ሰደቡት። በማግስቱ በርጩማውን አስጠጋና ጀርባውን ብረት በሩ ላይ አስደገፈ። ክላክስ ሲነፋ ቆርቆሮው ይንዘፈዘፋል፤ እሱም ይነሣል።

ቀለም ቀቢው ይህንንም ደረሰበት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከወዲያ ማዶ ጠጠር ወደ በሩ ይወረውራል። ጋሽ ጆሮ ይነሣል፣ ሁለቱንም ተካፋች ይከፍታል፣ ባዶውን መንገድ ግራ ቀኝ ያያል፣ ይዘጋል። ከኋላው ሳቅ ነው።

የጠጠሩን ምት ከክላክሱ መለየት አቅቶት አይመስላችሁ። ጠጠር ይነክሳል፣ ክላክስ ይነዝራል፤ በሳምንቱ ለይቶታል። ነገር ግን በአጥንቱ የሰማውን አንድ ጊዜ አምኖ ጠረጴዛውን አጥቷል። ጠጠር ነው ብሎ ቢቀመጥና መኪና ሆኖ ቢገኝ በሩም ይወሰድበታል።

ስለዚህ ጠጠር መሆኑን እያወቀ ይነሣል፤ ይከፍታል።