ዕቃው ብቻውን አይሄድም

ብየዳ ቤት የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ቤቱ ጂንካ ውስጥ፣ በድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጠርዝ ላይ ነበር። ያኔ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል አስቀድሞ ከሜዳው ላይ ከብት ይባረር ነበር። ባለቤቱ ጋሽ በላይ ይባላሉ። አያታቸው ከሰሜን የመጡ፣ እሳቸው ጂንካ የተወለዱ፣ ሲናደዱ የሚያፏጩ ሰው ነበሩ።

«ብረት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ከብረት ጋር ነው ያደግሁት።»

«ብየዳስ?»

«አላውቅም።»

«ጥሩ። ዓይናቸውን የሚያጠፉት ‹አውቃለሁ› የሚሉት ናቸው» ብለው የፊት መከላከያ ሰጡኝ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ነበር።

አባቴ ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ዶማና ማጭድ ይሠራል። እናቴ ሸክላ ትሠራለች። አገሩ እንደኛ ያሉትን «ማና» ይላቸዋል። ማና ከገበሬው ጋር አይጋባም፣ ቤቱ አይገባም፣ አብሮ አይበላም። ገበሬው ዶማ ሲያሠራ ደጅ ቆሞ ይጣራል። አባቴ ዶማውን መሬት ላይ ያስቀምጥለታል፤ እሱም ከመሬት ያነሣዋል። በዚያ ዶማ ቆፍሮ ያበቀለውን እናቴ በሠራችው ድስት ቀቅሎ ይበላል። ዶማውና ድስቱ ሳይበክሉት እኛ እንዴት እንደምንበክለው ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአገራችን ገበሬ እግሩ የተሰበረ የብረት አልጋ ይዞ መጣ። እኔን ሲያይ ወደ ጋሽ በላይ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የማን ነው?»

«የቀጥቃጭ!»

ጋሽ በላይ አልጋውን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። «ታዲያ ለብየዳ የማንን ልጅ ልቅጠር? የቄስ?» አሉት።

ገበሬው አልጋውን ትቶ ሄደ። ጋሽ በላይ በየዱት፣ እኔ ያዝኩላቸው። ሲመለስ እጁን ከእጄ እንዳያገናኝ አልጋውን መሬት ላይ እንዳስቀምጥለት ጠየቀኝ። አልጋው መሬት ላይ ነበር።

ወሬው ግን ቤት ደርሶ ነበር። የጋሽ በላይ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ለሠራተኞች ምሳ በአንድ ትሪ ነበር የሚያቀርቡት። ከማግስቱ ጀምሮ የእኔ በጠርዘ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን ለብቻው መጣ። በልቼ ራሴ አጥባለሁ፤ ጠርዟ የተበሳ ስለነበር ከቤቱ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ምስማር አንጠለጥላታለሁ። እትዬ ብዙነሽ ክፉ ሴት አልነበሩም። ወባ የያዘኝ ጊዜ ሾርባ ሠርተው እስከማድርበት ድረስ ይዘውልኝ መጥተዋል፤ በዚያችው ሳህን። ያናድደኝ ነበር። ሾርባው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።

በሙያው ደረጃ በደረጃ አለፍኩ። መጀመሪያ ከብየዳው ላይ ቅርፊት በመዶሻ የሚያነሣ ነበርኩ። ቀጥሎ ሞርሳ ላይ ብረት አሥሮ የሚቆርጥ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ በያጅ። ለመስኮት የማይሆን ላሜራ በድምፁ ለየሁ። ጋሽ በላይ ሲያረጁ ትልልቁን ትእዛዝ ለእኔ መተው ጀመሩ።

ከትልልቁ ትእዛዝ አንዱ የሰፈሩ እድር የድንኳን ብረት ነበር። ዓምዶቹን፣ ማገሩን፣ ማያያዣውን ሁሉ እኔ ሠራሁ። ሥራው አማረ። እድርተኛው መጥቶ ዓምዶቹን እየወዘወዘ አመሰገነ።

በዚያ ሰሞን አባቴ ሞተ። እላይ ደጋ ላይ የቀበርነው እኛው ማናዎች ብቻ ነን። ዶማ የሠራላቸው ገበሬዎች ከሩቅ ቆመው አዩ፤ ቤት የቀረ ዶማ ስላልነበረ ጉድጓዱን የቆፈርነው እሱ የሠራላቸውን ዶማ ከእነሱ ተውሰን ነበር። እናቴን ይዣት ጂንካ ወረድኩና ትንሽ ቤት ሠርቼላት አብረን ኖርን። አንድ ቀን ጭቃዋን እየረገጠች የምትፈልገውን በአሪኛ ነገረችኝ።

«ልጄ፣ በሠራሁት ድስት ያልበላ ሰው የለም። ቤቴ ገብቶ የበላ ግን የለም። ስሞት ሰው ቤቴ ይግባና ይብላ። ሌላ አልፈልግም።»

ሌላ ብትፈልግ ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ሄድኩ። አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በሕግና በደንብ የሚያምኑ።

«አባል መሆን ትችላለህ» አሉኝ። «ሲያጋጥምህ ድንኳኑ ይተከላል፣ አስከሬን እንሸኛለን።»

«ከቀብር መልስስ?»

«ከቀብር መልስ ምን?»

«ቤት ገብታችሁ ትበላላችሁ?»

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «እሱ እንኳን የአባላት የግል ስሜት ነው። ሳህንና ብርጭቆውም ለጊዜው… አንተ ቤት ባይሄድ ይሻላል።»

«ድንኳኑን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን። በጣም ጠንካራ ነው» አሉኝ።

መንግሥትም ዝም አላለም። ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ወርክሾፕ ተዘጋጀና ከማና ወገን «ስቴክሆልደር»፣ ባለድርሻ ማለት ነው፣ ተብዬ ተጠራሁ። ከየወረዳው የመጣው ሁሉ ማግለል መጥፎ መሆኑን ተራ በተራ ተናገረ። አንዳንዱ እንባ ተናነቀው። ምሳ ሲደርስ የእኛ የማናዎቹ ጠረጴዛ ለብቻው ሆነ። አዘጋጁ መጥቶ «ተመቻችሁ?» አለን። ጠረጴዛው ሰፊ ስለነበር ተመችቶናል አልነው።

ከእኔ ጎን የተቀመጠችው አስቴር የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጂንካ ገበያ ላይ ምጣድና ድስት ትሸጣለች። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ቀልድ ስታወራ የማትስቅ ሴት ናት።

«ስለኛ አለቀሱልን እኮ» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልን?» ብላ የድርሻዬን ሥጋ አንሥታ በላችብኝ።

መፍትሔው የተገኘው በኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው ኦሞራቴ ነው። አንድ የወፍጮ ቤት መቆሚያ ልበይድ በጭነት መኪና ሄድኩ። መንገድ ላይ፣ ቱርሚ ስንደርስ፣ ጎማ ፈንድቶብን ውለን አደርን። ወፍጮው የነበረው ከኦሞ ወንዝ ማዶ ስለሆነ በታንኳ የሚያሻግረኝ ሰው ተፈለገ። ባለ ታንኳው ዓሣ አጥማጅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ዓሣ ጠብሶ አቀረበልኝና ካንዱ ሳህን አብረን በላን። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። እኔው ነገርኩት።

«እኔ ከብት የለኝም» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ከብት የሌለው፣ ዓሣ የሚበላ፣ እዚህ ሰው አይባልም። ብላ።»

«ታዲያ እንዴት ትኖራለህ?»

«ባለ ከብቶቹ ወንዝ ይሻገራሉ። ታንኳው የኔ ነው። ታንኳ ብቻውን አይሄድም፤ እኔ አብሬ አለሁ። ጉልበታቸው ጉልበቴን እየነካ ነው የሚሻገሩት።» ከዚያ የዓሣውን ጭንቅላት ሰጠኝ። «ማዶ ደርሰው ይረሱታል። ግን መመለስ አለባቸው።»

ጂንካ እስክደርስ ይህን ነገር ሳስበው ነበር። ለአስቴር ነገርኳት። ድስት እየለሰነች ሰማችኝ።

«እኛ ታንኳ አለን?» አለች።

«ድንኳን ልሠራ እችላለሁ።»

«እኔ ደግሞ ድስት እችላለሁ» አለች።

የራሳችንን እድር አቋቋምን። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ በየመንደሩ የተበተነው ማና መጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ እኛ አንበሳም አልፈለግንም፣ ንፍሮ የሚበላ ሰው ነው የፈለግነው። የድንኳኑን ብረት ከወፍራም ቱቦ ሠራሁት። ዓምዱ ከማገሩ ጋር በእጅጌ፣ ቱቦ በቱቦ ውስጥ እየገባ፣ ይጋባል፣ በብሎን ይጠብቃል፤ ዝገት መከላከያም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሸራው ድርብ ነው። ሴቶቹ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ትልልቅ ድስት ሠሩ፤ ከተማው ውስጥ ያን የሚያህል አልነበረም። መተዳደሪያ ደንብ ሲወጣ አስቴር አንድ አንቀጽ አስገባች። ዕቃችንን ማንም ቢጠይቅ እንሰጣለን። ዕቃው ግን ብቻውን አይሄድም። ሁለት አባላት አብረውት ይሄዳሉ፤ ድንኳኑ እስኪነቀል ከለቅሶተኛው ጋር ይቀመጣሉ፤ ከለቅሶተኛው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ካልሆነ ድንኳኑ ይነቀላል።

ብዙ ጊዜ ማንም አልጠየቀንም። አንድ ክረምት ግን የአቶ ግርማ ወንድም ሞተ። የእነሱ ድንኳን ማከማቻው አፍስሶበት የዓምዶቹ እግር በዝገት ተበልቷል። እኔን ባዩኝ ጊዜ ሁሉ «ጠንካራ ነው» ሲሉኝ ነበር እንጂ «ቀለም ይቀባ» የሚል አልነበረም። ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። አቶ ግርማ ራሳቸው መጡ። ደንቡን አስቴር ነገረቻቸው።

«በለቅሶ ላይ ቅድመ ሁኔታ?» አሉ ተቆጥተው።

«ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ አቶ ግርማ። መተዳደሪያ ደንብ ነው» አለች።

እሺ አሉ። እንዳልኩት፣ በደንብ የሚያምኑ ሰው ናቸው።

ድንኳኑን ተከልነውና እኔና አስቴር ገብተን ተቀመጥን። ትሪ መጣ። በትሪው ዙሪያ የነበሩት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። አስቴር እጇን ታጥባ ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። ሰዉ ወደ ውጭ አየ። ውጭ ዝናብ ነው። ወደ ላይ አየ። ሸራው የኛ ነው። በመጨረሻ የአቶ ግርማ ሽማግሌ አጎት «እኔ ርቦኛል» ብለው ቆረሱ። ከዚያ ሌላውም በላ። ማንም አልታመመም። አንድ ሰውዬ ሆዴን ብለው ነበር፤ እሳቸው ሁልጊዜም ሆዴን ይላሉ።

ቤት ስመለስ እናቴ አልተኛችም።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአቶ ግርማ አጎት ጋር።»

«ቤት ውስጥ?»

«ድንኳን ውስጥ።»

«ድንኳን ቤት አይደለም» አለችና ተኛች።

ከዚያ በኋላ ድንኳናችን ብዙ ለቅሶ ቤት ቆመ፤ እኛም አብረን ቆምን። ጋሽ በላይ ሲያርፉም የቆመው እሱ ነው። የእኛ ወጣቶች «ዕቃ አጃቢ» ለመሆን ተራ ይሻሙ ጀመር። የሚገላምጠን አልጠፋም፤ እየገላመጠ ግን አብሮን ይበላል። እናቴ ግን እየደከመች ነበር፤ ቤቷም ማንም ሳይገባበት ኖረ። ይህ ያስፈራኝ ነበር።

እናቴ በበጋ ሞተች። ዝናብ የለም፤ ማንም በግድ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ያም ሆኖ ለቀብር ብዙ ሰው መጣ። ከቀብር መልስ ሰዉ እጁን ታጥቦ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠና ጠበቀ። ምንም አልቀረበም። አስቴር ከእናቴ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ንፍሮው ቤት ውስጥ ነው» አለች በዚያ ወፍራም ድምጿ። «የሚቀምስ ይግባ።»

ንፍሮውን ቤት ማስገባቷን እኔም አላውቅም ነበር። ያ የአልጋው ገበሬ አርጅቶ፣ ከደጋ ወርዶ፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ንፍሮው ወደ ውጭ ወጥቶ መሬት ላይ እንዲቀመጥለት ሰው ላከ። «ዛሬ መሬት ላይ የሚቀመጥ የለም» ተባለ። ተመልሶ ሄደ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሆዱም ባዶ ነበር። እሱን ተከትለው ጥቂቶች ተነሡ። ሁሉም የሚሄድ መሰለኝ። እናቴን ያሳፈርኳት መሰለኝ።

አቶ ግርማ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ይሄም ደንብ ነው?» አሉ።

«ደንብ ነው» አለች አስቴር። አልነበረም።

አቶ ግርማ ተነሡ። የእናቴ ቤት በር ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። አጎትየው ተከተሉ። ከዚያ ሰው በሰው ላይ ገባ። ንፍሮው የተቀቀለው እናቴ በሠራችው በመጨረሻው ድስት ነው። መቀመጫ አልበቃ ብሎ ሰው መደቡ ላይ፣ የጭቃ መርገጫዋ ላይ፣ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ብዙነሽ ከሁሉም ኋላ ገቡ። አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። በልተው ሲጨርሱ ሳህናቸውን ራሳቸው አጠቡት። ከዚያ ይዘውት ቆሙ፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ምስማር ይፈልግ ነበር።

«የት ላድርገው?» አሉ።

«ከሌሎቹ ጋር፣ እትዬ» አለች አስቴር።

ከሌሎቹ ጋር አደረጉት። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር።

አሁን ዓይኔ ስለደከመ ብየዳ ትቻለሁ። ድንኳኑ እስካሁን ይቆማል፣ ብሎኑን ብቻ ቀይረናል። እላይ ደጋ ላይ ዛሬም የማይገባ አለ፤ ልጁን የማይድርልንም አለ። ለሙያው ወጣቶች የምነግራቸው ይህን ነው። ሰው ልቡን እስኪለውጥ አትጠብቁ። ያለ እሱ የማይሆንለትን ነገር አሳምራችሁ ሥሩለት። ሲጠይቃችሁም ስጡት፤ ዕቃውን ግን ብቻውን አትላኩት።